የጠመንጃ በርሜል አወላወል፦ እስከምን ድረስ ይበቃል?

በርሜል ላይ የሚደርሱት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ መቆሸሽና መበላት። ቆሻሻ በፈሳሽና በጨርቅ ይወጣል። የተበላ ብረት ግን የፈለገውን ያህል ቢወለወል አይመለስም። ጠመንጃ ዒላማ መሳት ሲጀምር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው መወልወያ ዘንግ ነው። ችግሩ መበላት ከሆነ ግን ፍተጋው ጤነኛ ሆኖ የቀረውንም ክፍል ይጎዳል። በርሜል የሚወለወለው ጨርቁ እንደ በረዶ ነጥቶ እስኪወጣ ሳይሆን፣ ጠመንጃው ቀድሞ ይመታ እንደነበረው እስኪመታ ነው። ከዚህ ልማድ የሚወጣ አንድ ምሕረት የለሽ ጉዳይ አለ፤ እሱም ጨው ነው፤ ከታች ራሱን ችሎ ተቀምጧል።

ለማሳያ የያዝነው ባለ .308 ዊንቸስተር (የጥይት መጠን ስም ነው) በእጅ የሚቀባበል የአደን ጠመንጃ ነው። ክላሽና ሌሎች ወታደራዊ ጠመንጃዎች በሚለዩበት ቦታ ለብቻ ተነግረዋል። መሣሪያው በሚኖሩበት አገር ሕግ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩ የሚገዛው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው።

የት ነው የሚበላው?

በርሜልን እንደ ሰው አካል ከፍለን እንየው። ጥይቱ የሚጎርስበት ቤት፣ ማለትም መጉረሻው፣ ከኋላ ነው። ከመጉረሻው ወጣ እንዳልን፣ በርሜሉ ውስጥ የተቀረጹት ጠምዛዛ ትልሞች የሚጀምሩበት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጉሮሮ ይባላል። ከዚያ ሆዱ ይቀጥላል። መጨረሻው አፈሙዝ ነው፤ የአፈሙዙ ዙሪያ ጠርዝ ደግሞ ከንፈሩ።

በመተኮስ ብዛት መጀመሪያ የሚያልቀው ጉሮሮው ነው። በአሜሪካ የአምራቾች ደረጃ ለ.308 የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 62,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው፤ የቤት መኪና ጎማ 32 ገደማ እንደሚይዝ ያስቡ። የባሩዱ ጋዝ ሙቀት ብረት ከሚቀልጥበት መጠን ያልፋል። በርሜሉ የማይቀልጠው ነገሩ ሁሉ በሺህኛ ሰከንድ ቤት ስለሚያልቅ ብቻ ነው። የላይኛው ስስ ቆዳ ግን ይግላል፣ ይለጠጣል፣ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ይህ ሲደጋገም ብረቱ ይደርቅና ውኃ የሸሸው ጭቃ መስሎ ይሰነጣጠቃል። ተከታዩ ጋዝ ስንጥቁን እየቦረቦረ ቅንጣት ቅንጣቱን ይዞ ይሄዳል። ጉሮሮው ወደፊት ይሸሻል፣ አረሩ ትልሙን እስኪነክስ የሚዘለው ርቀት ይረዝማል፣ አመታቱም ይበተናል።

ለዚህ ነው የበርሜል ዕድሜ የሚወሰነው ምን ያህል ባሩድ በምን ያህል ቀዳዳ በማለፉ የሆነው። .243 ዊንቸስተር የተሠራው የ.308ን ቀለህ አንገት በማጥበብ ነው፤ ተቀራራቢ ባሩድ በጠበበ ቀዳዳ ያልፋል። የ.308 በርሜል ብዙውን ጊዜ 5,000 ጥይት ገደማ በጥሩ አመታት ሲሄድ፣ የ.243 ግን ከ1,500 እስከ 2,000 ባለው ውስጥ መድከም ይጀምራል። አነስተኛዋ .22 ሎንግ ራይፍል ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጥይት ተኩሳም ጉሮሮዋ ብዙ አይበላም።

ዕድሜውን የሚወስነው ሁለተኛው ነገር የአተኳኮስ ፍጥነት ነው። 30 ጥይት በአንድ ሰዓት መተኮስና 30 ጥይት በአምስት ደቂቃ መተኮስ አንድ አይደሉም። በርሜሉን በመዳፍ ይዘው አምስት ሰከንድ መቆየት ካልቻሉ፣ ማቀባበያውን ከፍተው ይተዉት፤ ይቀዝቅዝ።

አፈሙዙ የሚበላበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። እዚያ ጋር ጋዙ ተዳክሟል። አፈሙዝን የሚበላው በአብዛኛው የባለቤቱ እጅ ነው። የእንግሊዝ ጦር ለሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ ጫፉ ላይ የናስ ክብደት ያለው የመወልወያ ገመድ ይሰጥ ነበር፤ ገመዱ ሰደፉ ውስጥ ካለች ትንሽ ጓዳ ይቀመጣል። ወታደሩ ገመዱን አጋድሎ በጎተተው ቁጥር አሸዋ የያዘው ክር የአፈሙዙን ከንፈር እንደ መጋዝ ሲሞርደው ኖሯል። ዛሬም አሮጌ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ከጉሮሮው አስቀድሞ አፈሙዙን ቢያይ አይሳሳትም።

ቆሻሻው ምንና ምን ነው?

ጥቀርሻ፦ የባሩድ ጥላሸት ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው ለስላሳ ሲሆን በቀላሉ ይወጣል። ጉሮሮው ጋር ግን እየተጋገረ ከቀለሁ አፍ ፊት ለፊት ጠንካራ ቀለበት ይሠራል። ይህ ቀለበት አረሩን ጨምድዶ ስለሚይዝ ግፊት ይጨምራል። ሲጠቀሙበት በኖሩት ጥይት ማቀባበያው ድንገት እያንገራገረ መከፈት ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

መዳብ፦ የአረሩ ልባስ በአብዛኛው ከመዳብና ከዚንክ ቅይጥ ነው። በሚያልፍበት ጊዜ ስስ ሽፋን ትልሞቹ ላይ ያሻል። ጥቂት መዳብ ጎጂ አይደለም፤ እንዲያውም የብረቱን ጥቃቅን ሻካራ ይሞላል። በደንብ የተወለወለ በርሜል የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ጥይቶች ከሌሎቹ ለይቶ የሚያሳርፈውም ይህ ስስ ሽፋን ስለተነሣበት ነው። ችግር የሚሆነው መዳቡ ተደራርቦ ሲወፍር ነው።

እርሳስ፦ ልባስ የሌለው አረር በሚተኮስባቸው እንደ .22 ባሉት ላይ ነው። በጉዳይነቱ ትንሽ ነው።

ጨው፦ ከአንዳንድ አሮጌ ጥይቶች የሚመጣ ነው፤ ይቆየን።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዋናው መወልወያ ዘንጉ ነው፤ ገንዘብ ለማውጣት የሚያንገራግሩ ከሆነ ሌላው ላይ ይቆጥቡ። አንድ ወጥ የሆነ፣ በፕላስቲክ የተለበሰ ወይም ከካርቦን ፋይበር የተሠራ፣ እጀታው በኩሽኔታ የሚሽከረከር ዘንግ ይያዙ። እጀታው ካልዞረ ብሩሹ ትልሙን ተከትሎ መጠምዘዝ ትቶ ጀርባ ጀርባውን፣ ማለትም በትልሞቹ መሐል ከፍ ያለውን ብረት፣ እየፋቀ ያልፋል። በሦስትና በአራት ቁራጭ የሚገጣጠም ዘንግ ለመንገድ ካልሆነ አይመከርም፤ ሲገፋ ይጎብጥና መጋጠሚያው ግድግዳውን ይመታል። ለስላሳ አሉሚኒየም ደግሞ የአሸዋ ቅንጣት ይነከስበታል፤ ከዚያ ወዲያ ዘንጉ ራሱ ሞረድ ሆነ ማለት ነው።

ከዘንጉ ጋር መሪ ቱቦ ያስፈልጋል። ማቀባበያው ከወጣ በኋላ በቦታው የሚገባ ፕላስቲክ ቱቦ ሲሆን፣ ዘንጉን መሐል ለመሐል ይመራዋል፤ ፈሳሹም ወደ ቃታውና ወደ እንጨቱ እንዳይወርድ ይከለክላል።

ሌላው፦ ለ.30 መጠን የሚሆን የነሐስ ብሩሽ፣ አንድ የናይለን ብሩሽ፣ የመጉረሻ ብሩሽ፣ ጨርቅ መያዣ ጫፍ፣ ለጥቀርሻ የሚሆን ማጽጃ ፈሳሽ፣ አሞኒያ ያለበት የመዳብ ማጽጃ፣ የጠመንጃ ዘይት፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ጓንት። ጨርቁ ጥጥ ይሁን። የታጠበ አቡጀዲ ወይም ያረጀ የጥጥ ከነቴራ፣ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይቁረጡ። አዲስ አቡጀዲ ስታርች ስላለበት ሳይታጠብ ፈሳሽ አይመጥም። መጠኑን የሚወስነው ስሜት ነው፤ በጣት ግፊት የሚገባ ልል ነው፣ በመዶሻ ካልሆነ የማይገባም ወፍራም ነው፤ በእጅ ወጥ ግፊት የሚሄደው ልክ ነው።

ቤንዚን አይጠቀሙ፤ እሳት ነው። አመድ፣ አሸዋ፣ ብርጭቆ ወረቀት በርሜል ደጃፍ አይድረሱ። የምግብ ዘይት ሲቆይ ይሙጫል፤ የጠመንጃ ዘይት ቢጠፋ ቀጭን የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይሻላል።

አሠራሩ

1. ጥይቱን ያውጡ። ካዝናውን ይንቀሉ፣ ማቀባበያውን ይክፈቱ፣ መጉረሻውን በዓይን ይዩ፣ ከዚያም በትንሹ ጣት ይዳስሱ። ሁለቱንም ያድርጉ፤ ጨለማ ቤት ውስጥ ዓይን ይሳሳታል። በክፍሉ ውስጥ ጥይት የሚባል ነገር አይኑር። ማቀባበያውን፣ ቦልት የሚባለውን፣ ጨርሰው ያውጡት።

2. ጠመንጃውን አፈሙዙ በትንሹ ዝቅ ብሎ ያስቀምጡ። ፈሳሽ ወደ ኋላ ከወረደ ቃታውን ያጨማልቃል፣ እንጨቱን ያለሰልሳል። መስኮት ይክፈቱ።

3. መሪ ቱቦውን ያስገቡ። ጨርቅ በጥቀርሻ ማጽጃ አርሰው ከኋላ ወደ ፊት በአንድ ትንፋሽ ይግፉ። አፈሙዙን አልፎ ሲወጣ ጨርቁን እዚያው ያንሡና ባዶ ዘንጉን ቀስ አድርገው ይመልሱ። የቆሸሸ ጨርቅ ወደ ውስጥ አይመለስም። በእያንዳንዱ ዙር ዘንጉን በሌላ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ይህችን የሚዘል ሰው ሌላውን ሁሉ በከንቱ ይደክማል። ሦስት እርጥብ ጨርቅ ካሳለፉ በኋላ 10 ደቂቃ ይተዉት። ፈሳሹ ይሥራ፤ የእርስዎን ጉልበት የሚተካው ጊዜ ነው።

4. የነሐስ ብሩሹን ይግጠሙ። ፈሳሹን ብሩሹ ላይ ያንጠባጥቡ እንጂ ብሩሹን ጠርሙስ ውስጥ አይንከሩ፤ ጠርሙሱ በሙሉ ይቆሽሻል። 10 ጊዜ ያመላልሱ። ብሩሹ አፈሙዙን ጨርሶ ሳይወጣ መሐል ላይ አቅጣጫ አይቀይሩ፤ ጸጉሩ ይታጠፍና ይቀረቀራል። ሲመልሱትም ከንፈሩን እንዳይመታ ቀስ ይበሉ። እጅግ ጠንቃቆች ብሩሹን አፈሙዙ ላይ ፈትተው ዘንጉን ብቻ ይመልሳሉ። ለውድድር ጠመንጃ የሚያዋጣ ድካም ነው፤ ለአደን ጠመንጃ እንደ ትዕግሥትዎ።

5. ሁለት እርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ ሁለት ደረቅ ያሳልፉ። የመጀመሪያው ከሰል መስሎ፣ ሦስተኛው ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ግራጫ ሲሆን የሆዱ ጥቀርሻ ወጥቷል። ከዚህ በኋላ ያለው መልከ ግራጫ ለቀናት ቢወለወል አያልቅም፤ ይተዉት።

6. ጉሮሮውን ለብቻው ያስቡበት። የተጋገረው ቀለበት ከሆዱ ጋር አይወጣም። ዘንጉን መጉረሻውን አልፎ የሚቆምበት ቦታ ላይ በቴፕ ምልክት ያድርጉ። ያረጀ የነሐስ ብሩሽ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ቀለበቱ ላይ ያሳርፉና 15 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ እዚያው ቦታ በቀኝ ዙር ብቻ ያሽከርክሩ፤ በግራ ካዞሩት ብሩሹ ተፈትቶ ውስጥ ይቀራል። በየ200 ጥይቱ አንድ ጊዜ ይህን ያደረገ ሰው የሚያሽ የብረት ማበሻ ቅባት አያስፈልገውም። ቅባቱ ቀለበቱንም ብረቱንም አይለይም፤ በግድ ከሆነ ጥቂት ዙር ብቻ ተደርጎ በደንብ ተጠርጎ ይወጣል።

7. መዳብ መኖር አለመኖሩን ይዩ። ባትሪውን ከአፈሙዙ አጋድለው ያብሩ። ብረቱ ግራጫ ሆኖ ከታየ መዳቡ ስስ ነው። በትልሞቹ ዳር ቀይ ዳማ መስመር ከታየ አለ። ቢኖርም የጠመንጃው አመታት ካልተበላሸ እዚህ ላይ አቁመው ወደ ተራ ቁጥር 9 ይለፉ።

8. መዳቡን ማውጣት ካስፈለገ የጥቀርሻ ማጽጃውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ሁለት ፈሳሽ አይደባለቅም። የመዳብ ማጽጃውን በናይለን ብሩሽ ያስገቡ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ጊዜ ይጠብቁ፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ነው። ጨርቁ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ መዳቡ እየሟሟ ነው። ይደጋግሙ፤ ሰማያዊው ሲፈዝ ያቁሙ። እዚህ ላይ ሰው የሚሞኝበት ነገር አለ። የነሐስ ብሩሽና የናስ ጨርቅ መያዣ ራሳቸው መዳብ ስላለባቸው በአሞኒያ ይቀልማሉ። በርሜሉ ጠርቶ ያለቀለት ሆኖ ሳለ ባለቤቱ የገዛ ዕቃውን እያሟሟ ግማሽ ቀን ይፈትጋል። ለዚህ ሥራ ናይለን ወይም ኒኬል የተቀባ ጫፍ ይሁን። አሞኒያ ያለበትን ፈሳሽ በርሜል ውስጥ አያሳድሩ፤ ብረትን ሊያጠቃ ይችላል። ከበረኪና ጋር ደግሞ በምንም ምክንያት አያገናኙት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

9. መጉረሻውን በብሩሽና በጨርቅ ጠርገው ያድርቁ። መጉረሻ ዘይት አይወድም። ቀለሁ ሲተኮስ ለቅጽበት ግድግዳውን ጨብጦ መያዝ አለበት፤ ዘይት ካለ ይንሸራተትና ጫናውን ሁሉ ወደ ማቀባበያው ይልካል። የመጉረሻ ቸልታ ምን እንደሚያመጣ ቬትናም ላይ ታይቷል። የአሜሪካው ኤም-16 ጠመንጃ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ወደ ጦር ሜዳ ሲገባ መጉረሻው ክሮም አልነበረውም፣ መወልወያ ዕቃም በበቂ አልተሰጠም፣ የባሩዱም ዓይነት ተለውጦ ነበር። ቀለህ መጉረሻ ውስጥ እየተጣበቀ ወታደሩ በዘንግ እየገፋ ያስወጣ ነበር። ኋላ መጉረሻው በክሮም ተለበጠ፣ መወልወያውም ታደለ።

10. አንድ ጨርቅ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ዘይት አድርገው ያሳልፉ። የማቀባበያው ጥርሶች ጀርባ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ግሪስ ትበቃለች። ሊተኩሱ ሲወጡ ደግሞ አንድ ሁለት ደረቅ ጨርቅ ያሳልፉ፤ ዘይት ያለበት በርሜል የመጀመሪያውን ጥይት ወደማይታወቅ ቦታ ይልካል።

ጨርቅ ቢቀረቀር

ይደርሳል። ተኩሶ ማስወጣት የሚባል ነገር የለም፤ የተደፈነ በርሜል ይፈነዳል። ጥቂት ማጽጃ ፈሳሽ በሁለቱም በኩል አፍስሰው 20 ደቂቃ ይተዉት፤ ከዚያ ወደመጣበት መልሰው፣ በአብዛኛው ከአፈሙዝ በኩል፣ ጠፍጣፋ ጫፍ ባለው ዘንግ ይግፉት። ዘንጉ አብሮ ከተያዘ መጎተቱን ትተው ወደ ጠመንጃ ሠሪ ይሂዱ።

ምን ያህል ጊዜ?

ለ.308 የአደን ጠመንጃ፣ በዓመት 20 እና 30 ጥይት የሚተኮስበት ከሆነ፣ በአደን ወቅት መጨረሻ አንድ ጊዜ በቂ ነው። ዝናብ ወይም ጤዛ ካገኘው ግን በዚያው ቀን ደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ዘይት። እንደ አሜሪካዋ ሚኒሶታና እንደ ስዊድን ባሉ ብርዳም ቦታዎች የሚያድኑ ደግሞ ከውጭ ቀጥታ ሞቃት ቤት ያስገቡት ብረት እንደሚያልበው ይወቁ፤ ከማኅደሩ ሳይወጣ ቀስ በቀስ ይሙቅ፣ ኋላም ይድረቅ። ዒላማ ለሚተኮስበት ከ150 እስከ 250 ጥይት ጥቀርሻው ይጠረጋል፤ መዳቡ የሚነካው አመታቱ ሲበተን ብቻ ነው። .22ን እጅግ ቢወለውሉ ትርፉ ጉዳት ነው፤ ጉሮሮዋንና መጉረሻዋን አልፎ አልፎ፣ ሆዷን በጣም አልፎ አልፎ።

ስለ አዲስ በርሜል «ማለማመድ» አንድ ጥይት ተኩሶ መወልወል፣ ሌላ ተኩሶ መወልወል የሚል ሥርዓት አለ። አምራቾች እርስ በርስ አይስማሙበትም። ካደረጉትም አምስት ስድስት ጥይት ይብቃ፤ በርሜልን ለማለማመድ 50 ጊዜ መወልወል ዕድሜውን ከመብላት የተለየ አይደለም።

ጨው ሲሆን

አሮጌ ወታደራዊ ጥይቶች ላይ ከቀለሁ መቀመጫ ያለችው እሳት ጫሪ፣ ፕራይመር፣ ፖታሲየም ክሎሬት ይኖርባታል። ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል፤ ከወጥ ቤት ጨው የቅርብ ዘመድ ነው፣ እንደሱም ከአየር እርጥበት ይስባል። በእርጥብ አየር አንድ ሌሊት በቂ ነው፤ ጠዋት በርሜሉ ቀይ አቧራ ይዞ ይገኛል። ዝገቱ ቢወለወልም የቆፈረው ጉድጓድ ይቀራል።

ከቀድሞው የሶቪየት ጎራ የተረፉ የ7.62 በ54 እና የ7.62 በ39 ጥይቶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። የቀለሁ ቀለም አይነግርም። የጥይቱን ታሪክ ካላወቁ ጨው አለው ብለው ይነሡ።

ጨውን የሚያሟሟው ውኃ ነው። ዘይት አያሟሟውም፣ ናፍጣም አያሟሟውም፤ ዘይት እንዲያውም ከላይ ሸፍኖ ደብቆ ያኖረዋል። የመስታወት ማጽጃ ነው የሚያወጣው የሚሉ አሉ፤ ያወጣል፣ ግን ሥራውን የሠራው ውስጡ ያለው ውኃ ነው። አሠራሩ ይህ ነው፦ በዚያው ቀን፣ ማቀባበያውን አውጥተው፣ አፈሙዙን ወደታች ይዘው፣ በቀጭን ማንቆርቆሪያ ወይም በማፍሰሻ ከመጉረሻው በኩል ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የፈላ ውኃ ያፍስሱ። በርሜሉ ስለሚግል በጓንት ይያዙ፤ እንጨቱን ከውኃው ይጠብቁ። ፈልቶ መሆኑ ጨው ለማሟሟት ብቻ ሳይሆን ብረቱ ራሱን ቶሎ እንዲያደርቅ ነው። ሦስት አራት ደረቅ ጨርቅ ካሳለፉ በኋላ የተለመደውን የጥቀርሻ አወላወል ይሥሩ፣ ዘይት ይቀቡ፤ በማግሥቱ ነጭ ጨርቅ አሳልፈው ቀይ መኖሩን ይዩ። የማቀባበያውን ፊትም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ አይርሱ፤ ጨው እዚያም ይተፋል።

ክሮም የተለበጠ በርሜል፣ እንደ ክላሽ ያለው፣ ይህን ይቋቋማል። በዚህ ምክንያት ብዙ የክላሽ ባለቤት ነገሩን ይንቀዋል። የጋዙ መተላለፊያ፣ የጋዝ ቱቦው ውስጥና አፈሙዙ ላይ የሚጠመዘዘው መክደኛ ግን ክሮም አይደሉም፤ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። እነሱም ተፈትተው በፈላ ውኃ ይታጠቡ። ችግሩ አዲስ አይደለም፤ ጥቁር ባሩድን ያስታውሱ፤ በአድዋ ዘመን በእጅ የነበረው ውጅግራ ጠመንጃ የሚተኩሰው ባሩድ ትራፊውም እርጥበት ሳቢ ስለሆነ ከውኃ ሌላ መድኃኒት አልነበረውም።

ከአፈሙዝ ብቻ የሚወለወሉ

ክላሽና የአሜሪካው ኤም-1 ጋራንድ ከኋላ ዘንግ አያስገቡም። ጋራንድ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በኢትዮጵያ ሠራዊት ዘንድ የታወቀ ነው፤ ያረጁት ሁሉ አፈሙዛቸው የሚጠረጠረውም ከአፈሙዝ በኩል ሲወለወሉ ስለኖሩ ነው። እንዲህ ላሉት የአፈሙዝ መሪ ያስፈልጋል፤ ከንፈሩ ላይ የሚቀመጥ፣ መሐሉ ለዘንግ ብቻ የተበሳ ክዳን ነው። በክላሹ ሰደፍ ውስጥ ያለው የመወልወያ ቆርቆሮ ክዳኑ የተበሳው ለዚሁ ነው፤ ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይጥለዋል። ጋራንዱን ደግሞ ገልብጠው ይያዙት፤ የጋዝ ቀዳዳው ከታች ስለሆነ ፈሳሹ ወደዚያ አይወርድም።

ተበልቶ እንደሆነ ማወቅ

መጀመሪያ ጥፋቱ የበርሜሉ አለመሆኑን ያጣሩ። አመታቱ የተበተነ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ የላላ ብሎን ያለበት ነው። የሰደፉን ብሎኖች፣ የመነጽሩን ማሠሪያ፣ በጥይቱ ሳጥን ላይ ያለውን የምርት ቁጥር ይፈትሹ። በአንድ ስብስብ፣ ማለትም አከታትለው የተኮሷቸው ጥይቶች ባረፉበት፣ ብቻ አይፍረዱ፤ በአንድ ዓይነት ጥይት ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ተኩሰው ያወዳድሩ። በ100 ሜትር ስብስቡ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይይዝ የነበረ ጠመንጃ ሦስቱንም ጊዜ 6 ካመጣ አንድ ነገር አለ።

ከንፈሩን በጥጥ ይፈትሹ። ትንሽ ጥጥ በጠርዙ ዙሪያ ያሳልፉ፤ የሚነክሰው ቦታ ካለ ተላልጧል። ከተኮሱ በኋላ አፈሙዙ ላይ የሚቀረው የጥቀርሻ ኮከብ ጨረሮቹ እኩል ካልሆኑም ጋዙ ባንድ ወገን እያመለጠ ነው።

የአፈሙዙን ስፋት ለመገመት ባሩድም ቀለህም የሌለው ባዶ አረር ይውሰዱ። ጫፉን አፈሙዙ ውስጥ አስገብተው የቆመበትን በእርሳስ ያስምሩ። ጤነኛ አፈሙዝ የሾለውን ክፍል አስገብቶ ይይዘዋል። አረሩ እስከ ሙሉ ውፍረቱ ከተዋጠ የትልሞቹ ጀርባ አልቋል።

ጉሮሮው በካሜራ ይታያል፤ በስልክ የሚሠሩ ቀጫጭን ካሜራዎች ዛሬ ርካሽ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች የአዞ ቆዳ መስለው ሲያዩ አይደንግጡ፤ እንዲህ ሆኖ ለሺህ ጥይት በጥሩ የሚመታ በርሜል ብዙ ነው። ካሜራ ገዝቶ ባየው ነገር ደንግጦ መፈተግ የጀመረ ሰው ከካሜራው በፊት ይሻለው ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ክብ መሆኑን ትቶ የጎን የአረር ቅርጽ ከያዘ ግን አረሩ ተገልብጦ እየሄደ ነው፤ ልኩ ትክክል የሆነ ጥይት ተኩሰው ይህ ከመጣ በርሜሉ አልቋል።

ከመፍረድዎ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከላይ እንደተጻፈው፣ ጥቀርሻውንም ቀለበቱንም መዳቡንም ያውጡለት። 10 ጥይት ተኩሰው ያቆሽሹት፣ ይቀዝቀዝ፣ ከዚያ ሦስቱን ስብስብ እንደገና ይተኩሱ። ከተመለሰ ቆሻሻ ነበር፤ ከስንት ጥይት በኋላ እንደተበተነ ደብተር ላይ ይጻፉና የሚቀጥለው አወላወል ከዚያ ቁጥር ጥቂት ቀደም ይበል። ካልተመለሰና ጥጡ ከንፈሩ ላይ ከነከሰ፣ ጠመንጃ ሠሪ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቆርጦ ከንፈሩን ያድሰዋል። ከንፈሩ ደኅና ሆኖ ጉሮሮው ከሸሸ ደግሞ በርሜሉ ከኋላ ተቆርጦ መጉረሻው እንደገና ይወጣለታል፤ ይህ እንዲሆን በቂ ርዝመት ከሌለው አዲስ በርሜል ይገጠማል።